በምራቅ የማይለቅ ፊት

ቆቦ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንኳን ለአረፋ በዓል በሰላም አደረሰዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ዘንድሮ እዚህ «አለን» ማለት ራሱ ትልቅ ወሬ ነው።

የአባቴ የአክስት ልጅ ሆነው ሳለ ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ለጉዳይ ስጽፍልዎ አፍራለሁ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስልኩም ሲሻው ይጠራል፣ ሲሻው ይሞታል። ይህን ወረቀት ራህመት የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ደሴ ይዛው ትሄድና በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልዎታለች። መልሱንም በእሷ ስልክ ይላኩልኝ፤ ደሴ አሳትማ ታመጣልኛለች።

ጉዳዬ ስለ ፎቶ ቤቴ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ማሽኖቼን ጭነው እንደሄዱ ሰምተዋል። አሁን የምሠራው በቢሮ ፕሪንተር ነው፤ ቀለሙን በመርፌ እየሞላሁ። ባለፈው ለጎረቤቴ ለኤልሳቤጥ የሠርጓን ፎቶ ባትምላት ሙሽሮቹ ሁለቱም አረንጓዴ ሆነው ወጡ። «ሳቢራ፣ እኔ ያገባሁት ሰው ነው ጎመን?» ብላ መንደሩን ሁሉ አሳቀችብኝ።

እሱስ ያስቃል። የማያስቀው የጉርድ ፎቶው ነገር ነው። ወደ ሮቢት መውጫ ያለው ኬላ ላይ የሚፈትሹት ሰዎች አዲስ ዘዴ አምጥተዋል። መታወቂያህን ይቀበሉና አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ፎቶውን ያሹታል። ቀለሙ ከለቀቀ «ይሄ ፎርጅድ ነው» ብለው ከመኪና ያወርዱሃል። ባለፈው ወር አንድ ሰው ፊቱ ጣታቸው ላይ ቀርቶ ወረደ። ፎቶውን ያተምኩለት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ስለዚህ አቅሜን የማይጎዳ፣ ነገር ግን ፎቶው የማይለቅ ፕሪንተርና ወረቀት ይምረጡልኝ። ትንሽ ይሁን። በባትሪ ቢሠራ፣ ድምፁም ባይጎላ ደስ ይለኛል።

ወንድሜ በድረዲን የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ሰው ቢጠይቅዎ እንዲሁ ይበሉ።

በዱዓዎ አይርሱኝ።
ሳቢራ


ሻርጃ፣ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ሳቢራ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ግን የቆቦን ሙቀት አስመርቆኛል። ደግሞ ይሄን «አንቱ» የሚሉትን ነገር ተይ እንጂ፣ አምሳ እንኳ ሳይሞላኝ ሽማግሌ አደረግሽኝ!

የጠየቅሽኝ እንጀራዬ ነው፤ ካሜራና ፕሪንተር ስሸጥና ስጠግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ስለዚህ ስሚኝ። ያንን የቢሮ ፕሪንተር ለደብዳቤ ተይው። ቀለሙ ውሃ ነው፤ ወረቀትሽ ደግሞ አይጠጣውም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። ምራቅ ሲነካው ብድግ ነው።

ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላ ባለ ስድስት ቀለም አለ። ፊት ያሳምራል፣ ለትልቅ ፎቶ ከእሱ የሚሻል የለም፣ ቀለሙም ርካሽ ነው። ግን ወፍራም፣ ጀርባው ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ይፈልጋል። ርካሹን ወረቀት ከሰጠሽው ያው አረንጓዴው ሙሽራ ነው። ደግሞ አንድ ሁለት ሳምንት ሳትሠሪበት ከቆየ በናንተ ሙቀት ቀዳዳው ይደፈናል።

ሌላው ባለ ሪባኑ ነው። የጫማ ካርቶን እንኳ አያክልም። ሪባኑ ላይ ደረቅ ቀለም አለ፤ በሙቀት ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ስስ የመስታወት ዓይነት ሽፋን። ከፖስት ካርድ የሚበልጥ ፎቶ አይችልም። ወረቀቱና ሪባኑ አብረው ይሸጣሉ፣ አብረው ያልቃሉ፤ አንዱ ሪባን ለሠላሳ ስድስት ፎቶ። የሚባክን ስለሌለ ስታሰላው ርካሽ ነው። ባትሪም ይቀበላል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። የፎቶ ቤት ሥራ ከሆነ ድምፁ ጎላ አልጎላ ምን አስጨነቀሽ? ስለ በድረዲንስ ሳልጠይቅሽ ለምን መለስሽልኝ? ሳቢራ፣ ልቤ ፈርቷል።

ሙዓዊያ


ቆቦ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ አንቱታውን ግን አልተውም፣ አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይቆጣኛል።

ባለፈው የነገርኩዎትን ይሰርዙት። ያኔ ራህመትን በደንብ አላውቃትም ነበር፤ አሁን አየኋት፣ ሴትዮዋ ብረት ናት። በድረዲን እዚሁ ነው። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ፍሬምና ወረቀት በማስቀምጥባት ክፍል ውስጥ ከግንቦት ጀምሮ ተቀምጧል። በመካከላችን አንዲት የጭቃ ግድግዳ ናት።

ጥፋቱ ምን መሰለዎ? ሮቢት አጠገብ ነርስ ሆኖ ሲሠራ ጥይት የመታውን ሰው አምጥተው ደጁ ላይ ጣሉለት። አከመው። የማን ወገን ነህ ብሎ አልጠየቀም። በሳምንቱ ሌሎቹ፣ አሁን ኬላውን የያዙት፣ መጡና «ጠላታችንን ያከመው ነርስ የታል?» አሉ። እሱ በጓሮ አመለጠ፤ አብሮት የሚሠራውን ወሰዱት። ያ ሰው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሐሙስ ዕለት ሦስት ሆነው ፎቶ ቤት ገቡ። «የነርሱ እህት አንቺ ነሽ? ፎቶውን አውጪ» አሉኝ። ፊቱን አያውቁትም፤ የያዙት ስም ብቻ ነው፣ በድረዲን ደግሞ በየሰፈሩ አለ። እኔ የእሱን ፎቶ አንድ ሳላስቀር ከኮምፒውተሩ አጥፍቻለሁ፤ ከአባታችን ጋር የተነሳውንም ከግድግዳ አውርጄ አቃጥያለሁ። ፈልገው ፈልገው ሲያጡ አንደኛው በጠመንጃው አፈሙዝ ግድግዳውን መታ መታ አደረገው። ወንድሜ ከወዲያ በኩል ትንፋሹን ይዞ ነበር። ሲወጡ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚሉት እኔን ነው።

ሐይቅ ያለው የእናታችን ወንድም አዲስ መታወቂያ ሊያወጣለት ተስማምቷል፤ ሥራው «ነጋዴ» ይላል። በዚያ ከዚህ ይወጣል። የጎደለው ሁለት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ሌላ ፎቶ ቤት አልወስደው! በኔው ፕሪንተር ባትምለት ኬላው ላይ ፊቱ ይለቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሰው ሳነሳ ኖሬ ለገዛ ወንድሜ ሁለት ጉርድ ፎቶ አቃተኝ።

ባለ ሪባኑን ይላኩልኝ። ከአባቴ በኋላ ያለኝ በድረዲን ብቻ ነው።

ሳቢራ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ሳቢራ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ አንብቤ ለደንበኛ የሸጥኩትን ካሜራ መልሼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሰውየው ሳቀብኝ።

ፕሪንተሩን ዛሬ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ከዚያ ደሴ ለራህመት ይደርሳል። ባትሪው አለ፣ ሦስት ሪባን ከነወረቀቱ አለ። ወረቀቱን በሚያብረቀርቀው ፊቱ በጣትሽ አትንኪው፣ ላብ ይተዋል። አራት ጊዜ ሲመላለስ አትጎትቺው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ራሱ ይተፋዋል።

አብሽር በዪው ለወንድሜ። ፊቱን ሲያነሱት እንዳይፈራ፤ የፈራ ፊት ኬላ ላይ ይታወቃል።

ሙዓዊያ


ቆቦ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ለመውሊድ አደረሰዎ። ጀዛከላሁ ኸይር! ራህመት ፕሪንተሩን በልባሽ ጨርቅ ቦንዳ መሃል ቀብራ አመጣችው። አራት ቦታ ተፈትሻ «ቡታንቲና ሹራብ ነው» እያለች።

በድረዲንን ጢሙን ላጭቼ፣ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ አነሳሁት። ፈገግ በል ብለው እንቢ አለኝ፤ «ነጋዴ ሲከስር እንዲህ ነው የሚሆነው» አለኝ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ስምንት ጉርድ አድርጌ አተምኩት። መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ ደነገጥኩ፤ ተመልሶ ገባ፣ ቀላ፤ አራተኛው ላይ ወንድሜ ራሱ ወጣ። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ አሸሁት። አልለቀቀም። በሳሙናም አጠብኩት። ወላሂ አልለቀቀም! ተቀምጬ አለቀስኩ። ሁለቱን ራህመት ወደ ሐይቅ ወስዳለች፤ መታወቂያው በሁለት ሳምንት ይመጣል ተብሏል።

የትምህርት ቤት ምዝገባ ስለሆነ ተማሪው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ አንዱን ሪባን ወዲያው ጨረስኩት። ሪባኑ የተጠቀለለበትን ቀፎም አላባከንኩትም። ጋሼ አለሙን ያውቋቸዋል፣ ከአባቴ ጋር በመቀናጆ ያርሱ የነበሩትን። ማሽላቸው እሸት በያዘ ቁጥር ግሪሳ ወፍ እንዳይጨርስባቸው የካሴት ክር በእንጨት ላይ ይወጥራሉ፤ ክሩ በነፋስ ሲያፏጭና ሲያብረቀርቅ ወፉ ይሸሻል። ዘንድሮ ካሴት ከየት ይምጣ? ያለቀውን ሪባን አዩና «ሳቢራ ልጄ፣ ይሄን ብትሰጪኝ እመቤቴ ታክብርሽ» አሉኝ። ቀፎውን እንዳለ ሰጠኋቸው። አሁን በሮቢት መንገድ ዳር፣ ከኬላው ፊት ለፊት ያለው እርሻቸው ዙሪያውን ያብለጨልጫል አሉ። ወፉም ጠፍቷል።

ሳቢራ


ሻርጃ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳቢራ፣

ሰላምታው ይቆየን። ሪባኑን አውርጂው። ይህን እንዳነበብሽ፣ ወረቀቱን ሳታጥፊ ሂጂ።

ያ ሪባን እንደ ካሴት ክር ባዶ አይደለም። ያተምሽው ፎቶ ሁሉ ቅርጹ ላዩ ላይ ይቀራል፤ በቢጫ አንድ ጊዜ፣ በሮዝ አንድ ጊዜ፣ በሰማያዊ አንድ ጊዜ። ሃያ ሜትር ነው። ብርሃን ላይ ሲወጠር እንደ ፊልም ኔጋቲቭ ፊቱ ይለያል። በድረዲን በዚያ ሪባን ላይ ስምንት ጊዜ አለ፣ በሦስት ቀለም። ከኬላው ፊት ለፊት!

አንድ የቆቦ ሰው ጠርተው «ይሄ ማነው?» ቢሉ አለቀ። ፊቱን ያውቁታል፣ ደግሞ ሰሞኑን አንቺ ቤት እንደተነሳም ያውቃሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ያለቀውን ሪባን በመቀስ ከትክተን ነው የምንጥለው፤ ለማንም ገዢ የምነግረውን ላንቺ ረሳሁ። ሦስት ቀን ስደውል ዋልኩ፣ ስልክሽ አይጠራም። ያ ረቢ፣ ይህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስ።

ሙዓዊያ


ቆቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰኝ። ደብዳቤዎ መንገድ ላይ ሳለ ብቻ ወንድሜ አሥራ ሁለት ቀን መንገድ ዳር ተሰቅሎ ከረመ ማለት ነው።

እሸት ልሸመጥጥ እንደሚሄድ ሰው ዘንቢል ይዤ ወጣሁ። እርሻው ዳር ስደርስ ነፋሱ ሪባኑን ያርገበግበዋል፤ ቀረብ ስል ሰው ነው። የሠርግ ፎቶዋን በአዲሱ ደግሜ ያተምኩላት ኤልሳቤጥ ቬሎዋን እንደለበሰች፣ ዓይኗ ነጭ ጥርሷ ጥቁር ሆኖ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ። የበድረዲንን ስፈልግ ግን እሱ ያለበት ቦታ ተቆርጧል። በቢላ፣ ከሦስቱም ቀለም። የተረፈው ጫፍ በሲባጎ ታስሮ ተቀጥሏል።

ጋሼ አለሙ ናቸው የቆረጡት ብዬ ልጽናና ስል ከኋላዬ «ምን ጠፋብሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። የኬላው ጠባቂ ነው፤ ሠላሳ የሚሆነው፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ፣ ያ በምራቅ የሚያሸው ራሱ።

«ይሄ ያንቺ ፎቶ ቤት ነው አሉኝ» አለ።

«አዎ... ለወፍ ነው» አልኩ።

«ወፉ ፈራ አልፈራ እንጃ፣ እኔ ግን ደንግጫለሁ። በጠዋት ሽንቴን ልሸና ብመጣ ሙሽራ ቆማ ታየኛለች!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና «ነገ እመጣለሁ፣ ታነሺኛለሽ። እናቴ መልኬን ካየች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው» አለኝ።

እሺ አልኩ። የቀረውን ሪባን ሁሉ ጠቅልዬ ቤት ወስጄ አቃጠልኩት። ጋሼ አለሙን ብጠይቃቸው በማርያም ምለው እሳቸው አልቆረጡትም።

ትናንት ከቀትር በኋላ መጣ። ጠመንጃውን ከበሩ ኋላ አስደገፈና «እሱ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ፣ እናቴ ትደነግጣለች» አለ። አነሳሁት። ፕሪንተሩ ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ በድረዲን አጠገብ ነው። «እዚህ ጠብቀኝ» ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ወንድሜ ፍራሹ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሁለታችንም ሳንተነፍስ የሚፈልገን ሰው ፊት ቢጫ ሆኖ ሲወጣ፣ ሲቀላ፣ መልክ ሲይዝ አየነው። ባትሪው አንዱን አትሞ ጠፋ።

ስሰጠው አውራ ጣቱን አርሶ የራሱን ፊት አሸው። «አይለቅም!» አለ፤ ደስ አለው። ሁለተኛውን አትሜ እንዳቆይለት፣ ዓርብ መጥቶ የእናቱን አገር እንደሚነግረኝና በራህመት እንድልክለት ለመነኝ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ የታጠፈ ሪባን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስምንቱ የበድረዲን ፊት ነው፣ ከሦስቱም ቀለም፤ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሃል እኔን የሚመስል ትልቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ሰው ሜዳ ላይ አይሰጣም» አለኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም። «ነገ ጠዋት ኬላው ላይ ተረኛው እኔ ነኝ። ከነገ ወዲያ አይደለሁም» አለና ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ።

ወጥመድ ነው? ምሕረት ነው? ቁጭ ብለን ተከራከርን። እኔ አይሆንም አልኩ፣ እግሩን ይዤ ለመንኩት። በድረዲን ግን «እህቴ፣ ሊይዘኝ ቢፈልግ ግድግዳው ይሄው ነበር» አለኝ። መታወቂያው ከመጣ አራት ቀን ሆኖታል። አሁን ጫማውን እያሰረ ነው። ራህመት ይህን ደብዳቤ ይዛ ከእሱ ጋር በአንድ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ከደረሰዎ እነሱም ኬላውን አልፈዋል ማለት ነው። ካልደረሰዎም ይህን አያነቡትም።

ሳቢራ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ሳቢራ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል! አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ስልኬ ላይ የራህመትን መልእክት ሳይ ገና ሳላነብ ሱጁድ ወረድኩ።

በድረዲን ከአዲስ አበባ ደውሎልኛል። ያ ሰው መታወቂያውን ተቀብሎ ጣቱን በምራቅ አርሶ ፊቱን አሸው አለ። አንዴ አሸው፣ መልሶ አሸው። ጓደኞቹ እያዩ ነው። ከዚያ «ጥሩ ፎቶ ነው፣ ሂድ» አለው።

አሁን የኔን ምክር ስሚ። ያ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ የሚያውቅ ሰው ነገ ቢጠየቅ ይናገራል። የሱንም ፎቶ ከኮምፒውተሩ አጥፊ፣ ፎቶ ቤቱን ዝጊና ደሴ ውጪ። ቤት እኔ እፈልግልሻለሁ። ብቻሽን አትቀመጪ፣ እባክሽ።

ሙዓዊያ


ቆቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ወንድሜ አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ። ድምፁን ሰማሁት፤ በስልክ ሁለታችንም ስናለቅስ ሳናወራ ካርዱ አለቀ።

ምክርዎን አልሰማሁም፤ አይቆጡኝ። ያ ጠባቂ ዓርብ አልመጣም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በኬላው በኩል ተኩስ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት ስንወጣ ኬላው ላይ የቆሙት የወዲያኛው ወገን ሰዎች ናቸው። ሞቷል የሚል አለ፣ ወደ ተራራው ሸሽቷል የሚልም አለ። ባትሪውን ሞልቼ ሁለተኛውን ፎቶ አትሜ ነበር የጠበቅኩት።

ስሙን አላውቀውም፣ ጋሼ። ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት። ስሙን ከጠየቅኩት የወንድሜን ስም ይጠይቀኛል ብዬ። የእናቱንም አገር አልነገረኝም። ፎቶውን አጥፊ ይሉኛል፤ እንዴት አድርጌ? የበድረዲንን ፊት ከሜዳ ያነሳልኝን ሰው ፊት እኔ ልጣለው?

ሳምንት አልጋዬ ሥር ደብቄ አቆየሁት። ከዚያ ወጥቼ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። ከሥሩ «ይህን ሰው የሚያውቅ፣ ለእናቱ የሚያደርስ ይግባ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አለሙ ሲያዩት በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው «አበድሽ እንዴ? እነዚህ የማን ሰው ነው ብለው ሊፈጁሽ ነው!» አሉኝ። ልክ ናቸው። ትናንት ከአዲሶቹ የኬላ ጠባቂዎች ሁለቱ መጥተው መስኮቱ ላይ ቆመው አነበቡት። እኔ ከውስጥ ጠረጴዛውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሳይገቡ ሄዱ። ለምን ሳይገቡ እንደሄዱም አላውቅም። ያም ሆኖ አላወርደውም።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ይመታዋል። በሁለት ሳምንት ጉንጩ መንጣት ጀምሯል። ፀሐይ የሚችል ወረቀት ካለ፣ ውድም ቢሆን ይላኩልኝ። እናቱ ከየት አገር እንደምትመጣ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባትም አላውቅም።

ሳቢራ